አማቴ፣ እኔና ምሰሶው

ይቅርታ እየጠየቅሁ ነው የምጀምረው። መጻፍ የሚችል ሰው ሞልቶ እኔ ብዕር መያዜ ለራሴም ይገርመኛል። ቁቤውን፣ የኦሮምኛውን ፊደል፣ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። የአማርኛውን ፊደል ግን የቆጠርኩት ቡና ስጭን፣ ከጭነት መኪና ጀርባ ላይ ነው። «ቀስ በል»፣ «አትቅናብኝ»፣ «እሱ ያውቃል» የሚሉትን አሳምሬ እጽፋለሁ። ከዚያ ውጭ ባለው ቃል ላይ እጄ ይፈራል። የተሳሳተ ካለ አንባቢ እንደ መንገድ ጉድጓድ ዞር ብሎ ይለፈው።

የምጽፈው ታዝዤ ነው። ኮሌጁ ስልጠናችንን ስንጨርስ፣ «በትብብር ስልጠና ሥራ ቦታ ላይ ያስተማራችሁን ሰው ታሪክ ጻፉ፣ ለሚቀጥሉት ሰልጣኞች ይነበባል» አለን። ትብብር ስልጠና ማለት ትንሹን ኮሌጅ ትማራለህ፣ ብዙውን ደግሞ ሥራው የሚሠራበት ቤት ሄደህ ትማራለህ ማለት ነው። ቋንቋ ምረጡ ሲሉን ሌሎቹ ኦሮምኛ መረጡ፣ እኔ አማርኛ። ሰው ገረመው። ምክንያት ግን አለኝ። በኦሮምኛ ብጽፈው ባለቤቴ ሴና ለእናቷ ታነብላቸዋለች፤ ታሪኩ ደግሞ የእናቷ ነው። አማርኛ ሲሆን ሴና ሁለት መስመር አንብባ ይደክማትና ትተወዋለች።

የአማቴን ስም አልጽፍም። በእኛ ዘንድ አማች የአማቱን ስም አይጠራም። መጻፍ ከመጥራት ይቆጠር እንደሆነ አንድ ሽማግሌ ጠይቄ፣ «እኔም አላውቅም፣ ግን ምን አስቸኮለህ» ስላሉኝ ትቼዋለሁ። ሃዳ ሴና እላቸዋለሁ፣ የሴና እናት ማለት ነው።

ሃዳ ሴና የዳሪሙ ሰው ናቸው። ወደ መቱ የመጡት ተድረው፣ በእግር ነው። ባላቸው የሞቱት ሴና ገና ከጀርባ ሳትወርድ ስለሆነ፣ እሷን አዝለው መናኸሪያው በር ላይ ቅቅል ጎደሬ መሸጥ ጀመሩ። ጎደሬው በሳፋ፣ ላዩ ላይ የኮባ ቅጠል። የመቱ ተሳፋሪ ደግሞ ጠባዩ ይታወቃል፣ ሹፌሩ ሞተር ካላስነሳ አይርበውም። መኪናው ሲንቀሳቀስ ነው በየመስኮቱ እጅ የሚወጣው። ሃዳ ሴናም ከመኪናው እኩል እየተራመዱ ያቀብላሉ። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር ለተቀመጡ ሊያድሉ ውስጥ ገብተው እያለ መኪናው ይዟቸው ጎሬ ደረሰ። ሰው ሁሉ ሲያዝንላቸው እሳቸው ባዶ ሳፋ ይዘው ወረዱ። መንገድ ላይ ሁሉም አልቆላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዳንዴ ሆን ብለው መውረዱን ይረሱ ነበር ይባላል።

እንዲህ እንዲህ እያሉ እዚያው መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት ከፈቱ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። መሃሉ ላይ ጣሪያውን የተሸከመ የወይራ ምሰሶ ቆሟል፤ ከምሰሶው ወዲያ ማብሰያው፣ ከምሰሶው ወዲህ የደንበኛው አግዳሚ። ሃዳ ሴና ዝምተኛ ናቸው። «ይቺ አነሰች» የሚል ደንበኛ ካለ መልስ አይሰጡም፣ ይጨምሩለታል። ሰክሮ የሚጮህ ካለም መልስ አይሰጡም፤ እስኪቀመጥ ድረስ ብቻ ያዩታል።

እኔ ደቅሲሳ እባላለሁ። ቡና መጋዘን ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። ወገቤን አመመኝና ሐኪሙ ኩንታል ከለከለኝ። ለአጭር ስልጠና ተመዝገብ ተባልኩ፤ ስሄድ ኤሌክትሪኩ ሞልቷል፣ ብረታ ብረቱ ጎንበስ ቀና ይፈልጋል፣ የቀረው ምግብ ዝግጅት ነው። በሕይወቴ ማማሰያ ይዤ አላውቅም። የመጋዘን ጓደኞቼ «ደቅሲሳ ኩንታል ጥሎ ድንች ተሸከመ» እያሉ ሲስቁብኝ ከረሙ። አልፈረድኩባቸውም።

የሥራ ቦታ የሚመደብበት ቀን መምህርታችን ኢሊሊ ስማችንን ጠራች።

«ደቅሲሳ፣ ያንተ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ጎደሬ ቤት ነው።»

«መምህርት፣ እዚያ አይሆንልኝም።»

«ምነው፣ ንጽሕና የለውም?»

«ኧረ ንጹሕ ነው።»

«ሴትዮዋ ቁጡ ናቸው?»

«አይደሉም። በጣም ነው የማከብራቸው።»

«ጎሽ፣ እኛም የቸገረን አክባሪ ሰልጣኝ ነው።»

«አማቴ ናቸው» አልኩ።

ከልቧ ሳቀች። «ታዲያ ምን ትፈልጋለህ? ቤተሰብ ነው። ሌላው ምግብ ቤት እንደሁ ሰልጣኝ ሞልቶታል።»

አዳማ ያደገች ልጅ ናት፣ አልፈርድባትም። በእኛ ወግ አማትና አማች ዓይን ለዓይን አይተያዩም፣ አንተ አንቺ አይባባሉም፣ አንዱ ባለበት ሌላው አይበላም። ዛሬ ዛሬ ብዙ ሰው ትቶታል። ሃዳ ሴና ግን አልተዉም፤ እኔም ከእሳቸው ቀድሜ የምተው ሰው አይደለሁም። እስቲ አስቡት። የምግብ ትምህርት ነው፤ አስተማሪዋ ባሉበት ተማሪው አይቀምስም፣ ተማሪው ባለበት አስተማሪዋ አይቀምሱም።

የመጀመሪያው ቀን አዲስ ሽርጤን አስሬ ገባሁ። ሃዳ ሴና ጣሪያውን ያያሉ፣ እኔ ወለሉን። ውሃው ፈላ፣ ማንም አላየውም። በመጨረሻ ወደ ምሰሶው ዞር ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ምሰሶ፣ ሽንኩርቱን ይክተፉት በላቸው።»

መጀመሪያ ከኋላዬ ሰው ያለ መስሎኝ ዞር አልኩ። ከዚያ ገባኝ። እኔም ወደ ምሰሶው ጠጋ ብዬ፣ «ምሰሶ፣ ይድቀቅ ወይስ ጎላ ጎላ ይበል ብለህ ጠይቅልኝ» አልኩ።

«ይድቀቅ በላቸው።»

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። ምሰሶው ጎበዝ አስተማሪ ነበር። ሽንኩርት ሳሳርር፣ «ምሰሶ፣ ጎረቤት ውሃ ይዞ ሳይመጣ ድስቱን ያውርዱት በላቸው» ይሉታል። ቅቤ ሳበዛ፣ «ምሰሶ፣ ለሰው ነው ወይስ ለጋሪ ጎማ ነው ብለህ ጠይቃቸው» ይሉታል። ከሰው ጋር የማያወሩት ሴትዮ ከእንጨት ጋር ቀልደኛ ሆነው ተገኙ።

የሳቅ ምንጩ ደግሞ ጀላሉ ነበር። ጀላሉ ጎረቤታችን ነው፣ ሱቅ አለው። ሥጋ የተሠራ ዕለት አይመጣም፣ ጎደሬና ሽሮ ሲሆን ግን ከሁሉ ቀድሞ ይቀመጣል። አንድ ቀን ሻዩን እየጠጣ ሲያዳምጠን ቆየና፣ «ሃዳ ሴና፣ ይህ ምሰሶ ኮሌጅ ቢገባ ኖሮ ዛሬ ዲን ነበር» አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሼፍ፣ ምስክር ወረቀቱ ለእሱ ነው የሚገባው። አንተም ግን ሞክረሃል» አለኝ። ወሬው ተዛመተ። ሹፌሩም ረዳቱም ሲገባ «ምሰሶ፣ አንድ ሽሮ» እያለ ማዘዝ ጀመረ።

ቅምሻውን ግን ለምሰሶው መስጠት አይቻልም። እሱንም ሳንነጋገር ዘዴ አበጀንለት። ወጡ ሲደርስ ሃዳ ሴና «ዝናቡ አባርቶ እንደሆነ ልየው» ብለው በፊት በር ይወጣሉ። መቱ ላይ ዝናብ ሊያይ የሚወጣ ሰው ምክንያት አያጣም። ያኔ እኔ ቶሎ እቀምሳለሁ። ሲመለሱ ደግሞ እኔ «እንጨት ላምጣ» ብዬ በጓሮ በር እወጣለሁ፣ እሳቸው ይቀምሳሉ። ማንም የማንንም አፍ ሲንቀሳቀስ አላየም። ሥራው ግን ሄደ፤ እጄም ቀስ በቀስ ቅመም ለመደ።

ስልጠናው ሊያልቅ ሲል መምህርት ኢሊሊ ዜና ይዛ መጣች። ጋሽ ኪቲላ የሚባሉ ሰው በሶር መንገድ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ሊከፍቱ ነው። ፏፏቴ ለማየት ለሚመጣው እንግዳ የአገሩን ምግብ የሚሠራ አብሳይ ይፈልጋሉ። ስለ እኔ ነግራቸው፣ «በሚሠራበት ቤት መጥቼ በልቼ እወስናለሁ» ብለዋታል።

ይህ ለእኔ ቀልድ አልነበረም። ወንድሜ ሂካ ጋምቤላ ውስጥ የመጋዘን ጥበቃ አግኝቶልኝ፣ መልስህን ንገረኝ እያለ ይደውላል። ወገቤ ሌላ ሥራ አይፈቅድም። ብሄድ ደግሞ ሴናና ጡት ያልጣለው ልጃችን እዚህ ሊቀሩ ነው። ሴና፣ «ሂድ አልልህም፣ አትሂድ አልልህም። ልጁ ግን አባቱን በስልክ ድምፅ ነው የሚያውቀው» አለችኝ። ስለዚህ ጋሽ ኪቲላ የሚበሉት ቁራሽ ጎደሬ ለእኔ ቤቴ ነበር።

ጋሽ ኪቲላ የሚመጡበት ዕለት ማለዳ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ሁልጊዜ ጎደሬ የምታመጣልን ሴት ከሶር በኩል ነበር የምትመጣው፤ መንገዱ ጭቃ ሆኖባት ቀረች። ከኖፓ ከመጣ ነጋዴ ገዛን። የኖፓው ቀላ ያለ ነው፤ እሳት ላይ ቶሎ ይለሰልሳል፣ ቢላዋ ያለ ችግር ይገባዋል፣ ውስጡ ግን ገና ነው። ጎደሬ በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮ ያሳክካል። ይህን ኢሉባቦር ውስጥ ሕፃንም ያውቃል። ቢላዋ ይታለላል፣ ምላስ ግን አይታለልም።

ቀቀልኩት፣ ላጥኩት፣ ቆራርጬ ቅቤ በኮሰረትና ሚጥሚጣ አደረግሁበት። ሽታው እኔንም አኮራኝ። ሃዳ ሴና «ዝናቡን ልየው» ብለው ወጡ። እኔ ግን የዚያን ቀን በፍርሃት አፌ ደርቋል፣ ምራቅ የለም፤ በደረቀ አፍ ምን ይቀመሳል። እሳቸው ቀድመው ይቅመሱ ብዬ «ምሰሶ፣ እንጨት ላምጣ» አልኩና በጓሮ በር ወጣሁ። ምሰሶው መልእክቱን አላደረሰም።

እንግዲህ እሳቸው በፊት በር ጣሪያ ጠርዝ ሥር ቆመው እኔ እየቀመስኩ መስሏቸዋል። እኔ በጓሮ እንጨቱ ክምር አጠገብ ቆሜ እሳቸው እየቀመሱ መስሎኛል። ዝናቡ ሁለታችንም ላይ ይወርዳል። እኔ በልቤ «ዛሬስ ደህና አድርገው ቀመሱ» እላለሁ። እሳቸውም፣ ኋላ ሴና እንደነገረችኝ፣ «ዛሬስ ሳህን ሙሉ በሉ፣ ይብሉ፣ ፈርተው ነው» ይሉ ነበር። በዚህ መሃል የጋሽ ኪቲላ መኪና ጡሩምባ ነፋ። ሁለታችንም በሁለት በር ሮጠን ገባን። እሳቸው የዝናቡን ውሃ ከከንፈራቸው ሲጠርጉ አየሁ፤ ቀምሰዋል አልኩ። እኔም አፌን በእጅጌዬ ስጠርግ አዩኝ፤ ቀምሰዋል አሉ።

ምግቡ ቀረበ። ጋሽ ኪቲላ ሰፊ ሰው ናቸው፣ ጉርሻቸውም ሰፊ ነው። «ቅቤው ላይ እጅ አለ» አሉ። መምህርት ኢሊሊ በኩራት አየችኝ። ጀላሉ እንደ ልማዱ ከሁሉ ቀድሞ ሳህኑን አጋምሷል። ከዚያ ጋሽ ኪቲላ ማላመጣቸውን አቆሙ። አንገታቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። መምህርት ሳል ጀመራት። ቤቱ በሙሉ፣ መዘምራን ከመዘመራቸው በፊት እንደሚያደርጉት፣ ጉሮሮውን ይጠርግ ጀመር። ጀላሉ በቀጭን ድምፅ፣ «ምሰሶ፣ ውሃ» አለ።

ሃዳ ሴና እርጎ በትልቅ ጣሳ ይዘው ሮጡ። ሁሉም ጠጣ። ትንሽ ሲበርድላቸው መምህርት እንባዋን ጠርጋ ጠየቀች።

«ማን ቀምሶት ነው የቀረበው?»

እኔ ምሰሶውን አየሁ። ሃዳ ሴናም ምሰሶውን አዩ። ደንበኛው ሁሉ ምሰሶውን አየ።

«ዝም ካለ አምኗል ማለት ነው» አለ ጀላሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቅነው እኔና ሃዳ ሴና ብቻ ነን። ጋሽ ኪቲላ ነገሩን ከጀላሉ ሰምተው እሳቸውም ሳቁ፤ ሲጨርሱ ግን እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ።

«ወንድሜ ደቅሲሳ፣ ወጋችሁን አከብራለሁ፣ እኔም የዚሁ አገር ሰው ነኝ። እንግዳዬ ግን ፏፏቴ ሊያይ ነው የሚመጣው፣ ጉሮሮውን ሊያክ አይደለም። ሳይቀምስ የሚያቀርብ አብሳይ አልቀጥርም። ነገ በደሌ እሄዳለሁ፣ እዚያ ያየሁት ሌላ ሰው አለ። ከመሄዴ በፊት ቁርሴን እዚህ እበላለሁ። ያኔም ካሳከከኝ እንዳትቀየመኝ።»

«ኧረ አልቀየምም፣ ጋሼ» አልኩ።

ከሄዱ በኋላ ዕቃ አጠብን። ሃዳ ሴና ለእኔ አልተናገሩም፣ ያ የተለመደ ነው። ለምሰሶውም አልተናገሩም። እሱ ነው ያስደነገጠኝ።

ቤት ስገባ ሴና ልጁን እያጠባች ነበር። ወሬው ቀድሞኛል።

«እናቴ ምን አለች?»

«ምንም።»

«ለምሰሶውስ?»

«ለምሰሶውም ምንም።»

ሴና፣ «እንግዲያው ከባድ ነው» አለችና ነጠላዋን አንስታ፣ ልጁን አዝላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። ስትመለስ ምን እንደተባባሉ ጠየቅኋት።

«የሴቶች ወሬ ነው። አንተ ብቻ ነገ እንጨት ላምጣ እንዳትል» አለችኝ።

በማግስቱ ማለዳ ስደርስ እሳቱ ተያይዟል። ሃዳ ሴና ቀድመውኝ የኖፓውን ጎደሬ ጥደውታል። እሳቸው ራሳቸው ድስቱ አጠገብ በርጩማ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀምጠዋል። ዝናብ የለም፤ ቢኖርም ሊያዩት የተነሡ አይመስሉም። ሽርጤን አስሬ ሥራዬን ጀመርኩ። ላጥኩ፣ ቆረጥኩ፣ ቀመምኩ። ሲደርስ እንደ ልማዴ ወደ ምሰሶው ዞርኩ።

ያኔ ሃዳ ሴና ፊታቸውን ሳያዞሩ ማንኪያ በትከሻቸው ላይ አሳልፈው ወደ ኋላ ዘረጉልኝ።

«ያቅምሱኝ» አሉ።

ለምሰሶው አልነበረም። ሴናን ካገባሁ ጀምሮ በቀጥታ ለእኔ የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው። ላለማየት ዓይኔን ወደ ጣሪያው ሰቅዬ፣ በዳበሳ አንድ ቁራሽ ማንኪያው ላይ አደረግሁ። ቅቤው ግማሹ ነጠላቸው ላይ ፈሰሰ። ሲያላምጡ ሰማሁ፤ ሰምቼ አላውቅም ነበርና አፈርኩ።

«ያሳክካል። ይመለስ» አሉ።

እሳት ላይ መለስኩት። ቆይቶ ማንኪያው እንደገና በትከሻቸው መጣ። አደረግሁ። አላመጡ።

«ትንሽ።»

ጠበቅን። ደግሞ መጣ። ይህን ጊዜ ብዙ ቆዩ፤ ዋጡ፤ ከዋጡም በኋላ ጉሮሯቸው ምን እንደሚል ያዳምጡ ነበር መሰለኝ።

«አሁን እርስዎ» አሉና ማንኪያውን መለሱልኝ።

እኔም ሌላውን በርጩማ ስቤ፣ ጀርባዬን ለጀርባቸው ሰጥቼ ተቀመጥኩና ቀመስኩ። ለስልሷል፣ ጣፍጧል፣ ጉሮሮዬ ምንም አላለም። «ደርሷል» አልኩ፣ በቀጥታ። እሳቸውም «ደርሷል» አሉ።

ጋሽ ኪቲላ ሲገቡ እንዲያ ጀርባ ለጀርባ እንደተቀመጥን፣ ማንኪያው በእጄ እንዳለ ደረሱብን። በሩ ላይ ቆመው ሲያዩን ቆዩ። ከኋላቸው መምህርት ኢሊሊና ጀላሉ አሉ፤ ጀላሉ ለጥንቃቄ የራሱን ውሃ በላስቲክ ይዞ መጥቷል። አቀረብኩ። ጋሽ ኪቲላ ጎረሱ። ሁላችንም አንገታቸውን እያየን ነው። ዋጡ። ጠበቁ። ደግመው ጎረሱ። ሦስተኛው ላይ ጀላሉ ውሃውን መሬት አስቀምጦ ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበ።

«በደሌ ላለው ሰው ልደውልለት ነው፣ እንዳይጠብቀኝ» አሉ ጋሽ ኪቲላ፣ አፋቸው ሞልቶ። «እሑድ እንግዳ አለኝ። ሽርጥህን ይዘህ ና።»

መምህርት ወደ ሃዳ ሴና ዞራ ልታመሰግናቸው ስትል እሳቸው ተነሥተዋል። ነጠላቸው ላይ የፈሰሰውን ቅቤ እንኳ አልጠረጉም። ከምሰሶው ወዲህ፣ ደንበኛ ወደሚቀመጥበት አግዳሚ መጡ። ምግብ ቤቱን ከከፈቱ ጀምሮ እዚያ ተቀምጠው የሚያውቁ አይመስለኝም። ጀርባቸውን ለማብሰያው ሰጥተው፣ ከጀላሉ ጎን ተቀመጡና ሳህናቸውን በትከሻቸው ላይ አሳልፈው ዘረጉ።

«ለእኔም» አሉ።

ጨለፍኩላቸው። ዓይኔን ጣሪያው ላይ ሰቅዬ ነው፣ ግን ይህን ጊዜ አላፈሰስኩም።